ፊልን ከገበታው አታውጡት

ከአማርኛ መምህራችሁ፤ ሀራሙስ፣ ጅቡቲ ከተማ



ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሰንጠረዥ የምትጫወቱ ልጆች ሰሞኑን አንድ ሐሳብ ይዛችሁ መጥታችኋል። «ፊል የሚባለው ጠጠር ምን ይሠራልናል? ወይ እንደ ዘመናዊው ቼዝ ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፤ ወይ ከነጭራሹ ከገበታው ይውጣ» ትላላችሁ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በበኩሌ ግን መልሴ «አይሆንም» ነው። ምክንያቴን ላስረዳችሁ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። የሀገራችን ሰንጠረዥ 64 ቤቶች አሉት። ቤቶቹ እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ተብለው አይቀለሙም፤ ድሮ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር እየተሰመረ ይሠራ ነበር። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደር መንገዱ ክፍት እስከሆነለት ድረስ በቀጥታ ይገሠግሣል። ፊል ግን በማዕዘን በኩል አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። በሚዘለው ቤት ላይ ወዳጅ ይቁም ጠላት አይገደውም። ከጎኑ የቆመውን ጠላት ደግሞ መንካት አይችልም። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዝሆን ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር፤ ፊል ደካማ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ብትሞክሩት አንድ ፊል ከመነሻው ተነሥቶ የቱንም ያህል ቢዘል ዕድሜውን ሙሉ የሚረግጣቸው ቤቶች 8 ብቻ መሆናቸውን ታያላችሁ። ጓደኛውም ሌሎች 8 ቤቶች አሉት። የሁለቱ ድምር 16 ነው፤ የቀሩት 48 ቤቶች ለፊሎቻችሁ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። በዚህም አያበቃም። ረድፎቹን ከራሳችሁ በኩል ብትቆጥሩ ፊሎቻችሁ የሚያርፉት በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው። የጠላት ንጉሥ ጨዋታውን የሚጀምረው በ8ኛው ረድፍ ላይ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ከዚያ ረድፍ ካልወጣ ሁለቱም ፊሎቻችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ሊያስጨንቁት አይችሉም። የጠላት ፊልና የእናንተ ፊልም አንድ ቤት ላይ ሳይገናኙ ጨዋታው ያልቃል።

ይህን ድካም ከእኛ በፊት ብዙዎች አውቀውታል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት ስለ ሰንጠረዥ የጻፉት የዐረብ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ጠጠር በገንዘብ ዋጋ ያወጡለት ነበር። ለደር 1 ድርሃም፣ ለፈረስ የድርሃም ሁለት ሦስተኛ፣ ለፊል ግን ሩብ ድርሃም ሰጡት። ይኸውም ከመካከለኞቹ መደቆች ከአንዱ ጋር እኩል ማለት ነው። አውሮፓውያን ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጨዋታው እንዲፈጥን ብለው ፊልን በማዕዘን እስከ ገበታው ዳርቻ እንዲሄድ አደረጉት። በፈረንሳይኛ «ፉ» ማለትም እብድ የሚባለው የቼዝ ጠጠር ይኸው የተለወጠው ፊል ነው። እናንተ ያመጣችሁት ሐሳብም ያኔ አውሮፓውያን የተቀበሉት ነው።

የእኛ አባቶች ግን ፊልን እንዳለ አቆዩት። ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የቆየ ጨዋታ ነው። አፄ ልብነ ድንግል (ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሀገራችን የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደንም ጨዋታውን በመጽሐፉ ገልጾታል። በቆየው ልማድ ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ማት ያደረገ ግን ይመሰገናል። ይህ ልማድ ለደካማው ከማዘን የመነጨ አይመስለኝም። ከላይ ያየነውን ስሌት አስታውሱ። በፊል ማት ለማድረግ የጠላትን ንጉሥ ከተደላደለበት አስነሥቶ፣ ገፍቶ ገፍቶ ከእነዚያ ጥቂት ቤቶች አንዱ ላይ ማስቆም ያስፈልጋል። ይህን የሚችለው ገበታውን ሙሉ በሙሉ የሚያይ ተጫዋች ነው። ምስጋናውም የሚገባው ለጠጠሩ ሳይሆን ለተጫዋቹ ነው።

ፊል መቼ ይጠቅማል? እኔ ሦስት ቦታ አይቼለታለሁ።

አንደኛው በወረራ ጊዜ ነው። እንደምታውቁት በእኛ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገኖች እንደፈቀዱ ያሰልፋሉ። ፊል መደቆች መንገድ እስኪከፍቱለት አይጠብቅም፤ ከኋላቸው ዘሎ ይወጣል። ጨዋታው በተራ ከሆነ በኋላ ፊልን ሩቅ ማድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ በወረራ ጊዜ ግን ዋጋ አያስከፍላችሁም። ፊሉን መነሻው ላይ እንደተቀመጠ ረስቶ ወደ ውጊያ የገባ ልጅ በኋላ «ፊል አይረባም» ቢል አልፈርድበትም፤ ነገር ግን አልሰማውም።

ሁለተኛው መሸሻ በመዝጋት ነው። ፊላችሁ 8ኛው ረድፍ ላይ ያለውን ንጉሥ መንካት ባይችልም ንጉሡ ሊሸሽበት የሚችለውን የ7ኛውን ረድፍ ቤት ይጠብቃል። ደራችሁ 8ኛው ረድፍ ገብቶ ንጉሡን ሲያስጨንቀው ያ የተዘጋ ቤት ጨዋታውን ሊጨርስ ይችላል። ያኔ ሁሉም ሰው ደሩን ያያል፤ በሩን የዘጋው ግን ፊሉ ነው።

ሦስተኛው ከመደቅ ጋር ሲጣመር ነው። ፊል ከአጠገቡ ያለውን አይነካም፤ መደቅ ደግሞ የሚበላው ከአጠገቡ በማዕዘን ያለውን ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ውጪ ግን አታሞኙት። ሁለቱን ፊሎቻችሁን ሰጥታችሁ አንድ ደር የምታገኙ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ስጡ። ፊልን ለማዳን ብላችሁ ፈረስ አታስበሉ። የጠላት ንጉሥ ቤቱ ተቀምጦ አልወጣም ካለና የምትዘጉበት በርም ከሌለ ፊሉ ሩብ ድርሃም እንኳ ላያወጣ ይችላል። እኔ የምለው ዋጋው ገበታው ላይ ካለው ሁኔታ ጋር ይወጣል ይወርዳል ነው። ከጨዋታው በፊት «የሚረባ»፣ «የማይረባ» ብሎ መፈረጅ ሳይቆጥሩ መፍረድ ነው።

ፊልን ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከእናንተ መካከል «አማርኛ እዚህ ጅቡቲ ምን ይጠቅመናል? ሰዓቱ ለፈረንሳይኛ ይሰጠን» የሚሉ አሉ። አንዳንዶቻችሁማ ሰዓቱ ሲደርስ ከክፍል ትጠፋላችሁ። ለዚህም እንደ ፊሉ በግልጽ ልመልስ። የዚህ ሀገር የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በየቤቱና በየገበያው ሶማልኛና አፋርኛ ይነገራል። ፈረንሳይኛ እዚህ ደራችሁ ነው፤ አጥብቃችሁ ያዙት። አማርኛ በዚህ ገበታ ላይ የሚደርስባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው።

ነገር ግን ጥቂት ቤቶች ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በጋላፊ በኩል ሌሊትና ቀን የሚመላለሱትን የከባድ መኪና ሾፌሮች አስቡ። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰውን የድሮውን ባቡር፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀውንም አዲሱን መስመር አስቡ። በእነዚህ ቤቶች ላይ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው የማይዘለውን አጥር አማርኛ የሚያውቅ ይዘለዋል። ሀገር ቤት ያሉት አያቶቻችሁ የሚጽፉላችሁን ደብዳቤ ማንበብም አንድ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ደግሞ ደር አይደርስም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፊልንም ሆነ አማርኛን ኃይለኛ ነው ብላችሁ እንድታምኑ አይደለም፤ ከመጣላችሁ በፊት ቤቶቹን ቁጠሩ። ፊልን ከለወጣችሁት የምትጫወቱት ቼዝ ይሆናል። ቼዝ ደግሞ መልካም ጨዋታ ስለሆነ በራሱ ገበታ፣ በራሱ ሰዓት ተጫወቱት።

ለሚቀጥለው እትም አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። አንድ ፊል ስምንቱን ቤቶቹን፣ አንዱንም ሁለት ጊዜ ሳይረግጥ፣ በተከታታይ ዝላይ ሊያዳርሳቸው ይችላል ወይስ አይችልም? የመነሻ ቤቱን እንደፈለጋችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። «ይችላል» የምትሉ መንገዱን ሥላችሁ፣ «አይችልም» የምትሉ ምክንያቱን ጽፋችሁ አምጡ። መልሱም በአማርኛ ይጻፍ።