ጉድጓዱ እውነት፣ አካውንቱ ሐሰት

ጦር ሠራዊት ውኃ ሲያወጣና ሕሙማን ሲያክም በፌስቡክ ማሳየቱ ነውር የለበትም፤ ሕዝብ የሚመዝነው ግን ምስሉን ብቻ ሳይሆን የለጠፈውንም ጭምር ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳህል በጀመረችው የባርካን ዘመቻ ወታደራዊ ሐኪሞች የመንደሩን ሰው በነጻ ያክሙ፣ የውኃ ጉድጓድም ይቆፈር ነበር። ይህ ለታይታ ብቻ አልነበረም። ይሁንና በዲሴምበር 2020 ፌስቡክ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ንክኪ ባላቸው ሰዎች የተከፈቱ 84 አካውንቶችን፣ የአገሬውን ሰው መስለው ሲጽፉ ደርሶባቸው ዘጋ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የፈረንሳይ ጦር በማሊዋ ቡንቲ መንደር አቅራቢያ የአየር ድብደባ አደረሰ፤ ጦሩ «የሞቱት ታጣቂዎች ናቸው» አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ምርመራ ግን ሰርግ እንደነበረና 19 ሲቪሎች መገደላቸውን ገለጸ። ፓሪስ ግኝቱን አልተቀበለችም። እንግዲህ ይህን የሰማ ማሊያዊ፣ ሕፃን የሚመረምር ሐኪም ፎቶ ሲያይ «ይሄስ ተውኔት ይሆን?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሕዝቡን ያስኮረፈው የሩሲያ ፕሮፓጋንዳ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ፌስቡክ የፈረንሳዮቹን አካውንቶች በዘጋበት ዕለት የሩሲያ መረቦችንም ዘግቷል። ነገር ግን አሉባልታው ጆሮ ያገኘው ጥያቄው ሳይመለስለት የቆየ ሕዝብ ስለጠበቀው ነው። ወታደራዊ ምስጢርም ሰበብ አይሆንም፤ ምስጢር ዝም ያሰኛል እንጂ በሐሰት ስም አያናግርም። በጎ ሥራውን ማሳወቅ የሚሻ ጦር በራሱ ስም ይጻፍ፣ ከጉድጓዱ ዜና ሥር «ቡንቲስ?» ብሎ ለሚጠይቀውም እዚያው መልስ ይስጥ።