ሐያሲ ጨዋታውን ሳይጨርስ ሊፈርድ ይገባዋልን?

አንድ ዳኛ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ፣ የተከሳሽን መልስ ሳይጠብቅ ቢፈርድ ምን ትላላችሁ? ፍርዱ እንደ አጋጣሚ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ አካሄዱ ትክክል ነው ለማለት እንደማትደፍሩ አምናለሁ። በቪዲዮ ጨዋታዎች ላይ ሒስ የሚጽፉ ሰዎችም በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባል። በበኩሌ፣ ሐያሲ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ሳይጫወት ሊፈርድ አይገባውም እላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የአንድ ሥራ ፍጻሜ የሥራው አካል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን «ኒየር አውቶማታ» የተባለውን የጃፓን ጨዋታ እንመልከት። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከዳር ሲደርስ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በመስኮቱ ላይ ያልፋል፤ ጨዋታውም ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አላለቀም። ቀጥሎ ያንኑ ታሪክ በሌላ ባለታሪክ ዐይን ያሳየዋል፤ ከዚያም በኋላ ታሪኩ ገና ወደ ፊት ይገሠግሣል። በመጀመሪያው መዝጊያ ላይ ብዕሩን ያነሣ ሐያሲ፣ መጽሐፉን ከግማሽ አጥፎ ስለ መጽሐፉ እንደ ጻፈ ሰው ይቆጠራል።

ይህን ስሕተት ከራሴ አውቀዋለሁ። በመምህርነት ዘመኔ አንድ ማታ የድርሰት ደብተር ሳርም፣ የአንዱን ተማሪ ጽሑፍ ከግማሽ በላይ ሳላነብ «ከርእሱ ወጥተሃል» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። በማግስቱ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ አንብበውታል?» ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። ድርሰቱን ከርእሱ ጋር የሚያገናኘው ሐሳብ በዚያ አንቀጽ ውስጥ ነበር። ነጥቡን አስተካከልሁለት፤ ኀፍረቱ ግን ከኔ ጋር ቀረ።

«ጊዜ አይበቃም» የሚሉ ሐያስያን አሉ። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፐርሶና 5» ለመጨረስ 100 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጨዋታው ብዙ ጊዜ በእጃቸው የሚገባው ደግሞ ለሽያጭ ከመቅረቡ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። አንባቢውም ሒሱን የሚፈልገው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ነው። እንዲሁም በሞስኮ እንደ ተፈጠረው «ቴትሪስ» ያሉ ጨዋታዎች የሚፈጸም ታሪክ የላቸውም፤ ተጫዋቹ እስኪሸነፍ ድረስ ይቀጥላሉ። እንዲህ ላለው ጨዋታ ደንቡን ጠንቅቆ ማወቅ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ጊዜ ላጠረው ሐያሲ አንድ ቀና መንገድ አለው፤ ይኸውም የደረሰበትን በግልጽ መናገር ነው። «ዐሥር ሰዓት ያህል ተጫውቼ ሰለቸኝና ተውሁት» ብሎ ቢጽፍ፣ ያየውን መስክሯልና ማንም አይነቅፈውም። ያንኑ ዐሥር ሰዓት ይዞ «ታሪኩ ፍሬ የለውም» ቢል ግን፣ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ፈርዷል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንደሚባለው፣ ለመቅደም የቸኰለ ሐያሲ ከሥራው ፍሬ ነገር ሳይደርስ ይቀራል። ጉዳቱም በሱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ለዓመታት የደከሙ ሠራተኞች ያለ አግባብ ይነቀፋሉ፤ አንባቢም ያጠራቀመውን ገንዘብ በማይረባ ነገር ላይ ያውላል።

እናንተም «መጽሐፍ አንብባችሁ አስተያየት ጻፉ» ስትባሉ ይህን አስታውሱ። እስከ መጨረሻው አንብቡ። ካልቻላችሁም የቆማችሁበትን ገጽ ሳትሸሽጉ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ግን ፍርዳችሁን አቆዩ።