የሹመቱ መንገድ በማን ደጅ ያልፋል?

ወይዘሮ አዳነች አቤቤ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አያውቁም የሚል ካለ ተሳስቷል። የአዳማ ከንቲባ ነበሩ። ካርታ የተከለከለው፣ ውኃ የጠፋበት፣ ግብር የበዛበት ነዋሪ ሲጮህ ምን እንደሚመስል እዚያ ሳያዩት አይቀሩም። አዲስ አበባን በመምራትም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ይህን የሚነጥቃቸው የለም።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ማን ሾማቸው? ማንስ ሊያነሳቸው ይችላል?

እስቲ እንቁጠረው። ጥቅምት 2011 የገቢዎች ሚኒስትር። መጋቢት 2012 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ነሐሴ 2012 የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስት ወንበር! ሚኒስትርም ዐቃቤ ሕግም በሹመት ነው፣ ያለ ነገር ነው እንበል። ከንቲባ ግን የነዋሪው ሰው መሆን ነበረበት።

"ምክትል" የምትለዋ ቃል ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። በቻርተሩ መሠረት ከንቲባ የሚሆነው ከከተማው ምክር ቤት አባላት አንዱ ነበር። በ2010 አቶ ታከለ ኡማ ከኦሮሚያ ሲመጡ አባል አልነበሩም። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰውየው በሕጉ ልክ አልሆን ሲል ሕጉ በሰውየው ልክ ተሰፋ። ፓርላማው ቻርተሩን አሻሻለና ምክትል ከንቲባ ከውጭ እንዲሾም ፈቀደ። ከንቲባ የሌለው ምክትል አያችሁልን? ወይዘሮ አዳነችም በዚያው በር ገቡ። የሾማቸው ምክር ቤትም ሚያዝያ 2005 ተመርጦ ዘመኑ በ2010 ያለቀ፣ በፓርላማ ውሳኔ የተራዘመለት ነበር።

ከሁሉም የሚከነክነን መካከለኛው ወንበር ነው። የባልደራሱ መሪ አቶ እስክንድር ነጋ ሰኔ 24 ቀን 2012 ሲታሰሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ አዳነች ነበሩ። እስክንድር የተነሱት ይህችኑ አዲስ አበባን ብለው ነው። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ዐቃቤ ሕጓ የከተማዋ ሹም ሆኑ። እሳቸው አሳሰሩት አላልንም፤ ማስረጃ የሌለንን አንጽፍም። ግን ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ሲደረግ አንዷ ከቢሮ፣ ሌላው ከእስር ቤት ሆነው መወዳደራቸውን ማን ይክዳል? መስከረም 2014 "ምክትል" የምትለዋ ተነሣችና ወይዘሮ አዳነች ሙሉ ከንቲባ ሆኑ። እስክንድር ክሳቸው ተቋርጦ የተፈቱት ከዚያ በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ነው። በፍርድ ያልተፈረደበት ሰው፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ ሂድ ተባለ።

ይህ የፖለቲከኞች ጣጣ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያ ሰው ያንን አላለም። ለማን አቤት ይበል? በ2013 የተመረጠው ፓርላማና የከተማ ምክር ቤት ብቻ ነው፤ የወረዳ ምርጫ አልነበረም። የወረዳው ሹም ወደ ክፍለ ከተማው ያያል፣ ክፍለ ከተማው ወደ ከንቲባዋ፣ ከንቲባዋ ወደ ፓርቲያቸው። መንገዱ ሰፋ፣ አምፖሉ በራ፤ ጎረቤትና ዕድር ግን ተበተነ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አዲስ አበቤ ከንቲባውን በቀጥታ በድምፁ ይምረጥ፣ ቻርተሩም ለዚህ ይሻሻል። ለአንድ ሰው ሹመት በ2010 ማሻሻል ከተቻለ ለሚሊዮኖች የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? የወረዳ ምርጫም ይካሄድ።