የቀረውን የማይቆጥር ጉባኤ

በዚህ ዘመን በየጉባኤው ተደጋግሞ የሚሰማ፣ ነገር ግን ማንም አገላብጦ ሊመረምረው የማይደፍረው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ኢንተርኔት የራቀውን አቀረበ፣ የተበተነውን ምእመን ሰበሰበ፣ ቤተ ክርስቲያንን ከቅጽሯ አውጥቶ በየሰው መዳፍ ላይ አኖረ የሚለው ነው። ይህን ቃል ሰባክያኑ በዐውደ ምሕረት ይናገሩታል፤ በጎንደር አራዳ ገበያ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ስልኩን የሚዳብሰው ነጋዴም ይደግመዋል፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳልጠራጠር ስለው ኖሬአለሁ።

የጥርጣሬዬ መነሻ የጥምቀት ዕለት ነበረ። ጥር 11 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ በሞላበት በዐፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዳር፣ ሥራቸው የድንጋዩን አጥር ካቀፈው ዛፎች ሥር ቆሜ፣ ካህናቱ ውኃውን ሲባርኩ ለማየት ባንጋጥጥ፣ ከፊቴ የቆመ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ስለ ነበረ፣ ከአርባ ክንድ በማይርቀኝ ስፍራ የሚፈጸመውን ሥርዐት ያየሁት በእርሱ ስልክ መስታወት ውስጥ ሆነ። ተቈጥቼ፣ «ወንድሜ፣ ምነው በዓሉን በዐይንህ ብታየው?» ብለው፣ ዘወር አለና፣ «ጋሼ፣ ቤይሩት ያለች እኅቴ እያየች ነው» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ዛሬም ቢሆን ያችን ሴት የምነቅፍበት አንደበት የለኝም። በሰው አገር፣ በሰው ማጀት፣ እሑድን ከማክሰኞ የሚለይ ዕረፍት ሳታገኝ፣ የኪዳኑን ዜማ በዝግታ ከፍታ ሳህን የምታጥብ ሴት የያዘችው መስኮት ነው፤ መስኮት ደግሞ ለታሰረ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ሙግት በር ተከፍቶለት ሳለ በመስኮት ማየትን ከመረጠው ጋር ነው። ባለ አርባ አራት ታቦት በምትባለው ከተማችን፣ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ አጣጣሚ ሚካኤል ወይም ወደ በአታ ቢሄድ ጫማው ሳይቈሽሽ የሚደርሰው ሰው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቅዳሴ «ተከታተልኩ» ሲል መስማት ልማድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሰሙነ ሕማማቱንና ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ አብዛኛው ሰው ከቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ማሳለፉ ግድ ነበረ፤ ችግሩ ሲያልፍ ግን ግዱ አብሮ አላለፈም፣ ምቾት ሆኖ ቀረ።

ቅዳሴ ግን የሚታይ ነገር አይደለም። ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ሳይሟሉ አይጀመርም፤ ሕዝቡም በባዶ እግሩ ቆሞ ካህኑ ሲል ይመልሳል፣ ዲያቆኑ ሲያዝ ይሰግዳል፣ ፍጻሜውም ሥጋ ወደሙ ነው። ይህን ሁሉ «ተመልካች» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው፣ ቁጥሩ ስንት ሺህ እንደ ደረሰ በስልክ ላይ እያዩ የሚደሰቱትን፣ ይባስ ብሎም ከቡራኬው ቀጥለው «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» የሚሉትን ምን እንበላቸው? የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ግን ለአካል እንቅስቃሴ እንኳ ይከራከሩ ነበር፤ ሊቁ አለቃ ገብረ ሀና ያመነጩትን አዲስ ዝማሜ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ባሉ ጊዜ፣ እርሳቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረውት፣ ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ሆኖ በደብረ ታቦር ጸና። ክርክሩ መቋሚያ እንዴት ይዘንበል፣ ትከሻ እንዴት ይመለስ በሚል ነበረ። የዛሬ ደቀ መዝሙር ዝማሜውን ከዩቲዩብ አይቶ ሊኮርጀው ይችላል፤ ትከሻው ሲሳሳት የሚያየው መምህር ግን በመስታወቱ ወዲያ የለም።

ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ማየት ሳይሆን መታየት ነው ማኅበርን ማኅበር የሚያሰኘው። በየወሩ በ12ኛው ቀን የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ ላይ ዳቦው ተቈርሶ ሳያልቅ፣ «እገሌ ምነው ቀሩ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የታመመ እንደ ሆነ ድርሻው በመሶብ ተሸፍኖ ይሄድለታል፣ የኰረፈ እንደ ሆነ ሁለት ሽማግሌ ይላክበታል። እኔ ያለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ግን የመጣውን ሁሉ ይቈጥራል፤ የቀረውን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። አንድ አባሉ ካረፉ በኋላ ለልደታቸው «አሜን፣ ረጅም ዕድሜ» የጻፉላቸው ብዙዎች ነበሩ።

የ2015 ዓ.ም. መከራም ይህን ገለጠልን። ሦስት ጳጳሳት ጥር 14 ቀን ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን በታወከች ጊዜ፣ ምእመኑ ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሶ እንዲጾም የተላለፈው ጥሪ በስልክ እንደ እሳት መዛመቱን አልክድም፤ ጾሙ ባለቀ ማግስት፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፌስቡክና ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲታገዱ ግን ያ ሁሉ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። በሐምሌ ተከፍተው ብዙም ሳይቈዩ፣ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ ተቋረጠና ለብዙ ወራት ከረመ። የዘጋውን አላመሰግንም፤ የልጇን ፊት ማየት የናፈቃት እናት እንባ በአንገቱ ነው። በእነዚያ ወራት ጽዋው ግን ተራውን ሳይስት ከቤት ቤት መዞሩን፣ ተኩስ በተሰማበት ሰሞን እንኳ አንድ ወር ዘግይቶም ቢሆን መጠጣቱን መስክሬ ልለፍ።

ያ የጥምቀቱ ጎልማሳ በኋላ እንደ ተረዳሁት የእኛው የአራዳ ልጅ፣ ከማኅበራችን ያረፉ የአንዲት እናት ልጅ ኖሯል። ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሲደርስ መጥቶ፣ የእናታቸውን ጽዋ ቤይሩት ያለችው እኅቱ እንድትተካ ለመነ። ሙግት ተነሣ፤ በአካል የማትገኝ ሴት እንዴት ማኅበርተኛ ትሆናለች ያሉ ነበሩ፣ ከእነርሱም አንዱ እኔ ነበርሁ። በመጨረሻ የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን፣ «ተራዋን ታወጣለች? ከቀረችስ እንጠይቃታለን?» ብለው ነገሩን ቈረጡት። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ሲባረክ ወንድሟ በኢሞ ይደውልላታል፤ ለሺህ ሰው የሚሠራጭ ነገር የለም፣ አንድ ፊት ነው። በሰኔ ስልኩን ሳታነሣ በቀረች ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ወንድሟን ሲያስጨንቁት ከረሙ፤ ለካ ታማ ኖሯል። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ የእርሷ ተራ ነው፤ የገብሱንና የጌሾውን ገንዘብ ልካለች፣ ወንድሟም ጋኑን ከእኔ ቤት ተውሶ ወስዷል።