የእጅ ሥራችን ተናጋሪ ለምን አጣ?



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዘንድሮ የመረጥኩት ነገር ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በሀቢቾና በሆሳዕና በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራው የእጅ ሥራ፣ ማለት ስፌቱ፣ ዳንቴሉና ጥልፉ፣ ሠሪ ሳያጣ ተናጋሪ ማጣቱ ነው። ወንድ ልጅ ሆኜ ስለ ዳንቴል በመጻፌ የሚሥቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። ይሣቁ፤ ነገር ግን የለበሱትን ጋቢ የሠሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ወንዶች መሆናቸውን እግረ መንገዳቸውን ያስታውሱ።

በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ አለ። አባላቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሠሩትን ይዘው እየመጡ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ በጠረጴዛውም ራስጌ አስተያየት መጻፊያ ደብተር ይቀመጣል። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያገላበጠ ሰው የነገሩን ታሪክ ያለ ተራኪ ያነበዋል። በፊተኞቹ ገጾች ላይ ያለው ጽሑፍ ረጃጅም ነው። አንዱ፣ ክቡ ዳንቴል እንደ ሳሕን ጎድጉዷልና በየዙሩ ዐይኑን መጨመር ነበረብሽ ይላል። ሌላይቱ፣ ቀዩ አለላ ከአረንጓዴው ጋር ተጠግቶ ሁለቱም ደብዝዘዋል፤ በመካከላቸው ነጭ አክርማ ቢገባ ይለዩ ነበር ትላለች። ከዚህ በታች የሥራው ባለቤት፣ ነጩ አልቆብኝ ነው ብላ መልሳለች፤ ሦስተኛይቱም፣ አልቆብሽ ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም ብላ ተቆጥታለች። አንድ ሙሉ ገጽ በዚህ አልቋል። ደስ የሚል ጠብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ገጾች ግን ጽሑፉ እያጠረ ይሄዳል። «ጥሩ ነው»፣ «ያምራል»፣ «በርቱ» የሚሉ ቃላት ይበዛሉ። ቀጥሎም ፊርማ ብቻ ይታያል፤ ከፊርማውም በኋላ ቀንና ወር ተጽፎበት ከሥሩ ምንም ያልሰፈረበት ባዶ ወረቀት ይመጣል።

አንዲት የክበቡ አባል ክረምቱን ሙሉ የሠራችውን የሌማት ክዳን በመስከረም አምጥታ አኖረችው። ሦስት ዓርብ ተቀመጠ። ሰዎች ቆመው አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለፉ። በአራተኛው ዓርብ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው፣ ከዚያም በኋላ ወስፌ አልያዘችም። ስለ ምን እንደተወችው ብጠይቃት፣ «መጥፎ ነው ቢሉኝ እንኳ ፈትቼ ደግሜ እሠራው ነበር» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ቃሏ ነው።

ብዙ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ፕላስቲክንና ስልክን ይከሳሉ። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ከተማዋ እየሰፋች፣ ሱቁም እየበዛ ነው፤ በየሱቁ ደጃፍ በቁልል የቆመውን የፕላስቲክ ሳፋና ትሪ ሁላችንም እናየዋለን። ነገር ግን ፕላስቲክ ሠሪውን ብቻ የጎዳ ይመስለናል። እኔ እንደማስበው ከሠሪው ይልቅ የጎዳው ተመልካቹን ነው።

ነገሩን በሰፌድ ላስረዳ። ሰፌድ የሚሠራው የሰንደዶውን እምብርት በአክርማ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ፣ ዙር በዙር ላይ በመደራረብ ነው። ዙሩ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ሰፌዱ መሬት ላይ ሲያርፍ ይንገዳገዳል። ውጊያው ከተራራቀ አክርማው ይላላና ደቃቁ እህል በመካከሉ ይገባል። ጠርዙ ዝቅ ካለ ሲያበጥሩበት ገብሱ ከገለባው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረና ከከበደ ደግሞ አንድ ቁና ሳይበጠር ክንድ ይዝላል። እነዚህን ነገሮች በዐይን ብቻ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቀው በእጁ ያበጠረበት ነው። እንግዲህ ከእኛ መካከል በሰፌድ አበጥሮ የሚያውቅ ስንት ነው? ሰፌዱን ከግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ሰቅለን የምናይ ሰዎች «ያምራል» ከማለት በቀር ምን እንበል? ቃሉ ያጠረው ልባችን ስለከፋ አይደለም፤ የምንናገረው ስለሌለን ነው።

ያናጊ ሶእትሱ የተባለ ጃፓናዊ ይህን ጉዳይ አስቀድሞ አስቦበት ነበር። ይህ ሰው ስማቸው የማይታወቅ የገጠር ሠሪዎች ለዕለት አገልግሎት ያበጇቸውን ሸክላ፣ ቅርጫትና ጨርቅ እየሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ ሙዚየም አቆመላቸው። የእነዚህ ዕቃዎች ውበት የሚመነጨው ከአገልግሎታቸው ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አለ፦ ፍርዱም የሚመነጨው ከዚያው ከአገልግሎቱ ነው።

በአገራችን ሥራና ንግግር እንዴት አብረው ይሄዱ እንደነበረ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንሰት ሲፋቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤታሞች ሴቶች ተሰብስበው ሲፍቁ አንዲቱ ከቃጫው ላይ ሥጋውን በደንብ ሳታወጣ ብትጥለው፣ አጠገቧ ያለችው አንሥታ ታሳያታለች። ይህ እንደ ስድብ አይቆጠርም። ቃጫው ንጹሕና ነጭ ካልሆነ ገበያ ላይ ዋጋ እንደማያወጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ዛሬ የተናገረችው ነገ በእሷ ጓሮ ሲፋቅ ይነገራታል።

በቡና ላይም እንዲሁ ነበር፤ በአንዳንድ ቤት ዛሬም አለ። ልጅቱ ጥልፏን በጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ፣ እማማ የምንላቸው የጎረቤት ሴት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጨርቁን ይቀበሏታል። ከዚያም የፊቱን አበባ እንኳ በቅጡ ሳያዩ ገልብጠው ጀርባውን ይመለከታሉ። የጥልፍ እውነት ያለው በጀርባው ነውና፤ ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ያለ አግባብ ተጎትቶ እንደሆነ፣ ቋጠሮው እንደ ጥንዚዛ ተቆልሎ እንደሆነ ሁሉ እዚያ ይታያል። «ልጄ፣ ፊቱ የሙሽራ ነው፣ ጀርባው የሐዘንተኛ» ብለው ይመልሱላታል። ቤቱ ይሥቃል፤ እሷም ትሥቃለች፤ ማታ ትፈታዋለች። ዛሬ ግን ሥራችንን የምናሳየው ብዙውን ጊዜ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ነው። ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም።

የሐዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በመስከረም ሲከበሩ ቤት ይጸዳል፣ የቤት ዕቃ ይወለወላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል። የገባው እንግዳ ሴት ከሆነች ዐይኗ ከምግቡ አስቀድሞ ምግቡ በቀረበበት ላይ ያርፋል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በሐረር፣ የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በዚያች ከተማ፣ የቤቱ ግድግዳ በስፌት የተሞላ ነው። እንግዳ በገባ ቁጥር የባለቤቲቱ እጅ ከግድግዳው ላይ ይነበባል። የሐረር ልጃገረዶች ስፌቱን የሚማሩት ተሰብስበው በሚሠሩበት ቤት ሲሆን፣ ስሙም «ሞይ ጋር» ይባላል፤ የሥራ ቤት ማለት ነው። ለብቻዋ ጓዳ ገብታ የምትሰፋ ልጅ ስሕተቷን የምታውቀው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ በሞይ ጋር ያለችው ግን ገና በሦስተኛው ዙር ላይ ሳለች ጓደኛዋ ታያታለች።

ከእጅ ሥራ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። በዋሸራም ሆነ በሌላው የቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ያድርና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የተበላሸ ቤት ይዞ የመጣ ተማሪ ዝም ብሎ አይመለስም፤ የት ላይ እንደተሰበረ ይነገረዋል። ቅኔው የሰመረ እንደሆነ ግን «ይበል!» ይባልለታል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው፣ «ይበል» ክብር ያለው ቃል የሆነው ለሁሉም ስለማይባል መሆኑን ነው። እኛ ደግሞ «ያምራል»ን እንደ ገብስ ቆሎ በየጠረጴዛው በተንነው። ለክፉውም ለደኅናውም እኩል የተባለ ምስጋና ለደኅናው ስድብ ይሆንበታል፤ ለክፉውም አይጠቅመውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ ሰው እንዳይቀየም ብለን ነው ዝም የምንለው ይሉኛል። ይህን በቀላሉ አልጥለውም። በእርግጥም አንደበታቸው እንደ ወስፌ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ሥራውን ትተው ሠሪዋን ይናገራሉ። «አንቺ ድሮም እጅሽ አይረጋም» የተባለች ልጅ ምን ማረም ትችላለች? እጇን ቆርጣ አትጥል። «አራተኛው ዙር ላይ ላልቷል» የተባለች ግን አራተኛውን ዙር ትፈታለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጭካኔና የደግነት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሥራውን አላየውም፣ ሁለተኛው ዙሩን ቆጥሯል። ስለዚህ ዝምታን ከክፉ ንግግር ማምለጫ አድርገን መቁጠራችን ትክክል አይመስለኝም። ያቺ የሌማት ክዳን ይዛ የሄደችው ልጅ ማንም ክፉ አልተናገራትም።

በሠሪዎቹም ላይ የምለው አለኝ። ዓርብ ዓርብ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የሚታዘብ ሰው ይህን ያያል፦ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ያኖርና ከሥራው አጠገብ ይቆማል፤ ማን መጥቶ እንደሚያይለት ይጠብቃል። ሁሉም እንዲህ ከሆነ የሚያየው ማን ነው? አሥር ሰው ዘፋኝ ሆኖ አጨብጫቢ የሌለበት ሠርግ ማለት ነው። ከፊተኞቹ ገጾች ላይ ያሉትን ረጃጅም አስተያየቶች ማን እንደጻፋቸው ብመረምር፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የክበቡ ሠሪዎች ናቸው። ውጫዊው ተመልካች ቀድሞም ብዙ አልጻፈም። እርስ በርሳችን መጻፍ ስናቆም ደብተሩ ነጣ።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንዲደረግ ለክበቡ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ሥራ ከማኖሩ በፊት የሌሎች ሁለት ሰዎችን ሥራ አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ ያየውን ይጻፍ፤ «ያምራል» የሚለው ቃል ብቻውን አይቈጠርለትም። በዚህ ላይ አንዳንዶች አጉረምርመዋል፤ ቢሆንም ተቀባይነት አግኝቷል።

ሁለተኛው በወላጆች በዓል ቀን የሚደረግ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሲመጡ እንደ እንግዳ በመደዳ አስቀምጠን ንግግር ከምናሰማቸው ይልቅ ወደ ጠረጴዛው እናምጣቸው። እኛ ያጣነው ፍርድ ያለው በእነሱ እጅ ነው። ከሰፌዶቹም አጠገብ ያልተበጠረ ገብስ ይቀመጥና እያንዳንዳቸው ያበጥሩበት፤ የቱ ሰፌድ እህል እንደሚጥል፣ የቱ ክንድ እንደሚያዝል ያን ጊዜ ይነግሩናል፤ የተናገሩትንም አንዱ ተማሪ በደብተሩ ይጽፋል። የሌማት ክዳኑን ባለቤት ልጅም እንድታመጣው ጠይቄአት ገና አልመለሰችልኝም። ገብሱን ከየቤታችን አንድ አንድ ጣሳ እንድናመጣ ተስማምተናል። ሰፌዱ ግን እስካሁን የተመዘገበው ሁለት ብቻ ነው።