ስለ አንኮበር ነብርና ጭላዳ

ይድረስ፦ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበር የሚወርድ መንገደኛ ጭላዳ ለማየት ብዙ አይደክምም። መንጋው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣር ይነጫል፤ አንዱን ቦታ ሲጨርስ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ነብር ግን እዚያው ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ እያለ፣ ዕድሜ ልኩን በዓይኑ ያላየው የአገሬው ሰው ሞልቷል። መኖሩ የሚታወቀው ጠዋት ከበረት በግ ሲጎድል ነው።

የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ነብርን ለጥፋት ከተጋለጡት ይመድበዋል፤ ጭላዳን ደግሞ እምብዛም ከማያሰጉት። የሁለቱም ቁጥር እየቀነሰ መሆኑን ግን አይሸሽግም። ባለሥልጣኑ ይህን ደረጃ ብቻ አይቶ ጭላዳን ወደ ኋላ ካለው ይሳሳታል። ነብር ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስያ ይገኛል፤ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ዱር የለውም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ግጦሹ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት ታዲያ ወዴት ይሂድ? ገብሱ ውስጥ ይገባል፤ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ማሳ ሲጠብቁ ይውላሉ።

ነብር ጭላዳንም አድኖ ይበላል፤ መንጋው ገደል ላይ የሚያድረው ያለ ምክንያት አይደለም። ድኩላውና ሚዳቋው ሲመናመን ግን ፊቱን ወደ በግ ያዞራል። በጉ የተበላበት ገበሬ ወጥመድ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? አውሬው የመንግሥት ነው ይባላል፤ ኪሳራው የገበሬው ብቻ ነው።

መላው ሩቅ አይደለም። መንዞች ጓሳ የተባለውን የሣር ምድራቸውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ እየከፈቱ ጠብቀው ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ መልሶ አቆመው። ዛሬ እዚያ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ።

ባለሥልጣኑ ከክልሉ ጋር ሆኖ በአንኮበርና በወፍ ዋሻ ዙሪያ ነብርንና ጭላዳን አንድ ላይ ያስቆጥር። ጎብኚ ጭላዳ ለማየት ከሚከፍለው ላይ ገብሱ ለተበላበት ቀበሌ ድርሻ ይመደብ። የበግ ካሳም ይኑር፤ እሱም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ማመልከቻ ሳይሆን፣ በጉ በተበላ በሳምንቱ ወረዳው ላይ የሚያልቅ ይሁን።