ወደኋላ የሚሄደውን ተሳቢ ማን ያየዋል?

ባለፈው ታኅሣሥ ለዘገባ በወጣሁበት አንድ ቀበሌ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በኩታገጠም የተዘራው ስንዴ ታጭዶ ተከምሯል። የወረዳው ፒካፕ ባለሁለት ጎማ የመውቂያ ማሽን ከኋላው አስሮ መጣ። ክምሩ ያለበት ቦታ በአንድ በኩል በድንጋይ ካብ፣ በሌላ በኩል በባሕር ዛፍ የታጠረ በመሆኑ ማሽኑን ለማስጠጋት የነበረው አማራጭ ወደኋላ እየነዱ ማስገባት ብቻ ነበር። ሾፌሩ ሞከረ፤ ማሽኑ ወደ ካቡ ዞረ። ወደፊት ወጥቶ አስተካክሎ እንደገና ሞከረ፤ አሁን ደግሞ ወደ ዛፎቹ ዞረ። በአምስተኛው ሙከራ ላይ ከየአቅጣጫው "ና! ና! ግራ! ቀኝ! ቁም!" የሚለው ጩኸት ሲበረታ፣ ከማሽኑ ኋላ ገለባ ላይ ተቀምጦ የነበረን ሕፃን አንዲት እናት ሮጣ አነሳችው። በማሽኑና በልጁ መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ማንም አልተጎዳም። ሰዉ ሳቀ፣ እናቲቱ ልጁን ተቆጣች፣ በመጨረሻም ማሽኑን ከፒካፑ ፈትተው ስምንት ሰዎች ገፍተው አስገቡት። ውቂያው ቀጠለ። እኔም ስለ ምርቱ ዘገባዬን ሠራሁ፤ ስለ ልጁ ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም። ይህ ጽሑፍ በከፊል የዚያ ዕዳ ነው።

ወደ ከተማ ስንመለስ አብሮኝ የነበረ ወጣት የግብርና ባለሙያ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የውጭ አገር ፒካፕ ረጅም ተሳቢ አስሮ ወደኋላ ይሄዳል፤ ሾፌሩ እጁን ከመሪው ላይ አንስቷል፤ መሪው ራሱን ችሎ ይዞራል። "ይህ ቢኖረን ኖሮ ዛሬ አንቸገርም ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሐሳብ ከሌሎች ባለሙያዎችም ሰምቻለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቴክኖሎጂው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይተን ካላወቅን የተሳሳተ ነገር እንመኛለን ብዬ እሰጋለሁ።

የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ይህን አሠራር ለኤፍ-150 ፒካፑ ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበት ወረቀት ይለጠፋል። በፒካፑ የኋላ በር ላይ ያለው ካሜራ ይህን ምልክት እየተከታተለ ተሳቢው በምን ያህል ማዕዘን እንደታጠፈ ያሰላል። ሾፌሩ የኋላ ማርሽ ካስገባ በኋላ መሪውን ትቶ አንዲት ትንሽ ክብ ማዞሪያ ይይዛል። ማዞሪያዋን ወደ ግራ ካዞራት ተሳቢው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ካዞራት ወደ ቀኝ ይሄዳል። መሪውን የሚያዞረው የመኪናው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ነዳጅና ፍሬን ግን የሾፌሩ ሥራ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። መኪና ወደኋላ ሲሄድ መሪውን ወደ ግራ ብናዞር የመኪናው ጀርባ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከኋላው የታሰረው ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ግን ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ለዓመታት መኪና የነዳ ሰው እጁ የለመደው አንድ ነገር፣ ተሳቢው የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ተሳቢው ባጠረ ቁጥር ነገሩ ይከፋል፤ አጭር ተሳቢ ቶሎ ይታጠፋል፣ ሾፌሩ ስህተቱን አይቶ ለማረም ጊዜ አያገኝም። እንደ መውቂያ ማሽን ያለ አጭር ነገር ከረጅም ተሳቢ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው። የፈረስ ጋሪ የሚነዱ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጠባብ ቦታ ሲደርሱ ፈረሱን ወደኋላ ከመግፋት ይልቅ ፈትተው ጋሪውን በእጃቸው የሚያስገቡት በስንፍና አይደለም።

ማዞሪያዋ የምትሰጠውን ጥቅም ያለ ማዞሪያዋም ማግኘት ይቻላል። እጅን ከመሪው ላይኛው ክፍል አንስቶ ታችኛው ጫፍ ላይ መያዝ ነው። ከዚያ እጅ ወደ ግራ ከሄደ ተሳቢውም ወደ ግራ፣ እጅ ወደ ቀኝ ከሄደ ተሳቢውም ወደ ቀኝ ይሄዳል። መሪውን በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ፣ ተሳቢው ከልክ በላይ መታጠፍ ሲጀምር ግትር ሳይሉ ወደፊት ወጥቶ ማቅናት፣ በፒካፕ ሲሆን ደግሞ ከተቻለ ተሳቢው ወደ ሾፌሩ ወገን ማለትም ወደ ግራ እንዲታጠፍ አድርጎ መቅረብ። ከግራ መስኮት አንገትን አውጥቶ ማየት ይቻላል፤ በቀኝ በኩል ያለውን ግን በስፖኪዮ ብቻ ነው የምናየው። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሾፌር አይደለሁም። ቢሆንም አንድ ጓደኛዬ ባዶ ሜዳ ላይ ይህን አሳይቶኝ ሞክሬዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የሚያሳፍሩ ነበሩ፣ ከቀትር በኋላ ግን ተሳቢውን በሁለት ጀሪካን መካከል አስገባሁት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ያ ዘመናዊ ፒካፕ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ቢኖር ኖሮ ማሽኑ ካቡን አይነካም ነበር። ልጁን ግን አያየውም ነበር። በኋላ በሩ ላይ ያለው ካሜራ የሚያየው የተሳቢውን ፊት ነው፤ ከተሳቢው ጀርባ ገለባ ላይ የተቀመጠውን አያይም። እንዲያውም ያለ ብዙ ሙከራ በቀጥታ ወደ ልጁ ይሄድ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። መሪን ማቅለል አንድ ነገር ነው፣ ማየት ሌላ ነገር ነው። እኛ አንዱን እየተመኘን ሌላውን ረስተናል።

መኪና የሞላባት አሜሪካ ራሷ ማየትን በሕግ ያስገደደችው ብዙ ቆይታ ነው። አባቱ መኪናውን ወደኋላ ሲነዳ ሳያየው በገጨው በአንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም የተጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ማንኛውም አዲስ ቀላል ተሽከርካሪ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ የሆነው በግንቦት 2018 ነው። በመካከሉ አሥር ዓመት አለፈ። የእኛ አውድማ ላይ ደግሞ የሚቆመው አንድ ሕፃን ብቻ አይደለም። ረዳት አለ፣ ጆንያ ያዥ አለ፣ ቃርሚያ የሚለቅሙ ልጆች አሉ፣ ከክምሩ ጥላ ሥር ያረፈ አዛውንት አለ። የመውቂያው ወይም የትራክተሩ ሞተር እየጮኸ ማን የማንን ድምፅ ይሰማል?

ቴክኖሎጂውን ገዝተን እንግጠም ብንል እንኳ የማይሆንበት ምክንያት አለ። በወረዳ የምናያቸው አሮጌ ፒካፖች መሪ በሃይድሮሊክ የሚታገዝ እንጂ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር አይደለም፤ ካሜራና ማዞሪያ ቢጨመርበት መሪውን የሚያዞር ክፍል የለውም። በትራክተር የሚጎተቱት ብዙዎቹ ባለአራት ጎማ ተሳቢዎች ደግሞ የፊት ጎማቸው ከመጎተቻ ዘንጉ ጋር አብሮ ስለሚዞር የሚታጠፉት አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን ሁለት ቦታ ላይ ነው። ያ ለፒካፕ የተሠራ አሠራር ለእነዚህ አልተሠራም። ልምድ ያላቸው የትራክተር ኦፕሬተሮች እንኳ ባለአራት ጎማውን ወደኋላ ከመግፋት ዞረው መምጣትን ይመርጣሉ። ልክ ናቸው።

ከዚህ በመነሳት ነው ለወረዳ አመራሮች የመጀመሪያውን ሐሳብ የማቀርበው። ከሁሉ የሚቀለው ወደኋላ መሄድ የማያስፈልግበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ሲሠራ፣ የማዳበሪያ ማራገፊያ ሲመረጥ፣ በኩታገጠም ማሳዎች መካከል የጋራ አውድማ ሲለይ፣ ተሳቢ የያዘ ትራክተር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት በር ይኑረው። እስካሁን ካየኋቸው መጋዘኖች አብዛኞቹ አንድ በር ብቻ አላቸው፤ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ጥበቃ ነው። ለሁለተኛ በር አንድ ቁልፍ መጨመር ከባድ ወጪ አይመስለኝም።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ ከወሰነ ወዲህ ትራክተር፣ ኮምባይነርና ተሳቢ በዩኒየኖችና በግል ባለሀብቶች እጅ ገብቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ያነጋገርኳቸው ኦፕሬተሮች ስለ ሥልጠናቸው ስጠይቃቸው የነገሩኝ ስለ ዘይት መቀየር፣ ስለ ማረሻ ጥልቀት፣ ስለ ነዳጅ ማጣሪያ ነው። ተሳቢ አስሮ ወደኋላ መሄድን ያስተማራቸው ሰው የለም፤ በሥራ ላይ፣ በሰው መካከል ነው የተማሩት። ሥልጠና የሚሰጡ ኮሌጆችና አስመጪዎች አንድ ቀን፣ አንድ ባዶ ሜዳና ጥቂት ጀሪካን ቢመድቡ በቂ ነው።

በተሳቢው ጀርባ ላይ የሚገጠም ካሜራና ሾፌሩ ፊት የሚቀመጥ ትንሽ ስክሪን የተለየ መሪ አይጠይቅም፤ በመኪናው ባትሪ ይሠራል፣ አሮጌ ፒካፕም ሆነ ትራክተር ላይ ይገጠማል። ወረዳዎችና ዩኒየኖች አዲስ ግዢ ሲያወጡ በመስፈርቱ ውስጥ ቢያስገቡት መልካም ነው። ይሁንና አቧራና ጭቃ ካሜራውን እንደሚሸፍኑት ማወቅ አለብን፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ የሚጠርገው ሰው ከሌለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ካሜራ እስኪመጣም አርሶ አደሩ የሚጠብቀው ነገር የለም። ተሳቢ ወደኋላ ሲሄድ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም ከተሳቢው ኋላ ሳይሆን ሾፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ጎን ይቁም። ሾፌሩ ያ ሰው ከዓይኑ ሲጠፋ ይቁም። ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ዙሪያውን ይይ። ይህ በትራክተር ኪራይ ውል ውስጥ በአንድ መስመር ቢገባ ባለንብረቱም፣ ተከራዩም፣ ሾፌሩም ኃላፊነቱን ያውቃል። "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጊዜ የለንም" የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ቀን ግን አምስት ጊዜ ሞክረን ከሽፎ ማሽኑን በእጅ እስክንገፋ የባከነው ጊዜ፣ ሾፌሩ ወርዶ ቦታውን ዞሮ ለማየት ከሚወስድበት በብዙ የሚበልጥ ነበር።

ሰሞኑን ወደዚያው ቀበሌ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከክምሩ ቦታ አጠገብ የማኅበሩ አዲስ መጋዘን መሠረቱ ወጥቷል። በሩ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። "አንድ ነው፣ ዲዛይኑ ከላይ የመጣ ነው" አሉኝ። ግድግዳው ገና ስላልተገነባ ዲዛይኑ አሁንም ሊስተካከል ይችላል።